ሽማግሌው ከፊት ይሂድ

የድሮ ቴሌቪዥን፣ ያ ጀርባው ወደ ኋላ ያበጠው ዓይነት፣ ሲግል የሚያወጣው ሽታ አለ። የተቃጠለ አቧራ ሽታ ነው፤ ደስ አይልም። ባለፈው ጊዜ ጎንደር ሄጄ አራዳ አካባቢ ስዘዋወር ከአንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሱቅ ወጥቶ አፍንጫዬን መታኝና እግሬ ቆመ። ጠጋኙ «ምን ልታዘዝ እህቴ?» ሲለኝ የማያስፈልገኝን የኤሌክትሪክ ገመድ ገዝቼ ወጣሁ። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ትዝታ ሲይዘኝ ዕቃ እገዛለሁ።

ሽታው የአንድ ክረምት ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ ሄኖክ አሥራ ሁለት። ቤታችን ጎንደር፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ውጭ ጭቃ ነው። እናታችን ሆስፒታል ነርስ ስለነበረች ጠዋት ወጥታ ማታ ትመጣለች። አባታችን ያን ክረምት ለትምህርት አዲስ አበባ ነበር። ቤት የምንውለው እኔና ሄኖክ፣ ከዚያ ደግሞ አጎታችን ከመተማ በኩል ያመጣልን አሮጌ የጌም ማጫወቻ። አብሮት የመጣው ዲስክ አንድ ብቻ ስለነበር የምንመርጠው አልነበረንም።

ጌሙ እንዲህ ነው። አራት ሰዎች ከአንዲት መንደር ተነሥተው፣ አገሩን ያጠፋውን ክፉ ንጉሥ ግንቡ ድረስ ሄደው ይገጥሙታል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግማሹ አይገባንም፤ ያልገባንን ሄኖክ ከራሱ ይሞላዋል። የንጉሡ እናት ናት ብሎ ያሳመነኝ ሴትዮ፣ ካደግሁ በኋላ ሳስበው፣ ዳቦ ሻጭ ነበረች። የሰዎቹን ስም መጥራት ስላቃተን በያዙት ነገር ጠራናቸው፤ ባለ ጎራዴው፣ ባለ ቀስቷ፣ ሌባውና ሽማግሌው። ሽማግሌው ነጭ ጢም አለው፤ በአፉ አንድ ነገር ሲያነበንብ ከሰማይ እሳት ይወርዳል።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ከግንቡ በር ደረስን። ደረስን እንጂ አልገባንም። በሩ ላይ በቀይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ፤ እሱን እንኳ ሁለታችንም አንብበን ተረድተነዋል፤ ከገባችሁ መመለስ የለም ይላል። ሄኖክ አነበበውና ሰዎቹን ወደ ኋላ አዞራቸው። «ዕቃ አልተሟላም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ዕቃ ማዘጋጀት ሆነ። ረግረጉ ውስጥ አውሬ እየገደሉ ቆዳውን መግፈፍ፣ ከዋሻ ብረት ማምጣት፣ ብረቱን መንደር ላለው ቀጥቃጭ ወስዶ ጎራዴውን ማስሳል፣ መርዝ የሚከለክል ቀለበት መፈለግ። አንዱ ሲሟላ ሌላ የጎደለ ይገኛል።

አያ ደምሴ የመጡት በዚህ መሐል ነው። የእናቴ አጎት ናቸው፤ ዳባት አካባቢ ገበሬ ነበሩ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። እናቴ ያስመጣቻቸው የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ወደ ሆስፒታሉ ሊመጡ ስለነበር ነው። ሲገቡ ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ ነበርና ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወንበር ላይ ሰጣነው። ያ ጋቢ አንዴ ከተሰጣ በኋላ ከዚያ የሚያነሣው አልተገኘም፤ በየቀኑ በቴሌቪዥኑ ሙቀት እየተጠበሰ ቤቱን በጥጥ ሽታ ሞላው።

በማግስቱ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጥቂት አዳመጡና «ምንድን ነው ይሄ የሚንጫጫው?» አሉ።

«ጌም ነው አያ።»

«ምን ያደርጋል?»

ይህን ማስረዳት ከባድ ነበር። «አራት ሰዎች አሉ» አልኳቸው። «ክፉ ንጉሥ ሊወጉ ነው።»

«እና ምነው ቆሙ?»

«ዕቃ እያዘጋጁ ነው።»

ይሄ ወዲያው ገባቸው። እናቴ ከሥራ መጥታ «ምን ሲሉ ዋሉ አያ?» ስትላቸው፣ «የልጆቹ ሰዎች ስንቅና ትጥቅ ላይ ናቸው» ብለው መለሱላት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጸሎታቸውን ሲጨርሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ምን ላይ ደረሳችሁ?» ሆነ። እኔ የማየውን እነግራቸዋለሁ፣ ሄኖክ ጆይስቲኩን ይዞ ይታገላል፣ እሳቸው ይፈርዳሉ። «ሌባው» የሚለውን ስም አልወደዱትም። ከሌባ ጋር ዘምቶ የቀናው የለም አሉና «ቀልጣፋው» አስባሉን። ስለ ቀጥቃጩ ስነግራቸው ደግሞ ቀኑብን። «እድለኞች ናችሁ። የኛዎቹ ቀጥቃጮች፣ ቤተ እስራኤሎቹ፣ ወደ እስራኤል ተሻግረው ማረሻ ለማስመታት ገበያ መውረድ ሆነብን።»

የመጀመሪያው ጠብ በካባ ተነሣ። ከዘንዶ ቅርፊት የተሠራ ካባ አገኘን፤ ዲስኩ ላይ ያለው ይሄ አንድ ብቻ ነው። ሄኖክ ለባለ ጎራዴው ሊያለብስ ሲል አያ ደምሴ እጃቸውን አነሡ።

«ሽማግሌው ምን ለብሷል?»

«ቡትቶ» አልኳቸው እውነቱን።

«ሽማግሌ በቡትቶ ተቀምጦ ካባ ለሌላ! ሰው ምን ይላል?»

ሄኖክ ሽማግሌው ካባ እንደማያስፈልገው፣ ከኋላ ቆሞ እሳት ብቻ እንደሚያወርድ አስረዳ። ባይናገር ይሻለው ነበር። «ከኋላ? ምነው፣ ጓዝ ጫኝ ነው? ሽማግሌ ከፊት ይሂድ እንጂ።»

«ከፊት የቆመ ይመታል አያ!»

«ይመታላ! ሽማግሌ ሌላ ምን ሥራ አለው?»

በእኛ ቤት ይሄ ክርክር አያሻውም። ትልቅ ሰው ቀድሞ ይታጠባል፣ ቀድሞ ይቆርሳል፣ ከበር ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ ሽማግሌው ካባውን ለብሶ ከሁሉም ፊት ቆመ። ባጋጠመን የመጀመሪያ ጦጣ፣ በመጀመሪያው ምት፣ ወደቀ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች አንድ ሽማግሌ ከፊት ይቆማል ብለው አላሰቡም፤ አጥንቱ እንደ ሸምበቆ ነው። አያ ደምሴ ስነግራቸው አልደነገጡም። «ታዲያ አጠንክሩታ» አሉ። ከዚያ በኋላ የምንለፋበት ዕቃ ሁሉ ለእሱ ሆነ፤ ጫማ፣ የእጅ መከታ፣ ቀለበት። ሄኖክ አጉረመረመ እንጂ እምቢ አላለም። እንዲያውም ምክንያት ያገኘ ይመስል ነበር፤ ሽማግሌው እስኪጠና ድረስ ወደ ግንቡ መግባት አይታሰብማ።

ፍልሰታ ሲገባ ሁለተኛውን ጠብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያን ዓመት ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ላልቀምስ ቃል ገብቼ ነበር። ሄኖክም ይጾማል፤ ጓዳ ገብቶ ሲወጣ ግን አፉ ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰዎቹ ረግረጉ ዳር ተቀምጠው ጥብስ ይበላሉ። በጌሙ ውስጥ ጉልበት የሚመልሰው ዋናው ነገር የተጠበሰ ሥጋ ነው፤ ከረጢታቸው በሱ ተሞልቷል።

«በፍልሰታ!» አልኩት።

«ክርስቲያን አይደሉም እኮ።»

የባለ ቀስቷን አንገት አሳየሁት፤ አንድ ጌጥ አለ፤ መስቀል ይሁን ኮከብ በደንብ አይለይም። መስቀል ነው አልኩ። ተጨቃጭቀን አያ ደምሴ ዘንድ ቀረብን። አሰቡበት። መንገደኛ ናቸው፣ ለመንገደኛ ይፈቀድለታል ይላሉ ብሎ ሄኖክ ተስፋ አድርጎ ነበር። እሳቸው ግን «በፍልሰታ ሥጋ ተሸክሞ የዘመተ ምን ይቀናዋል?» አሉና ነገሩ አለቀ። ሥጋውን በሙሉ ለነጋዴው ሸጠን ዳቦና ማር ገዛን። ዳቦ የሚመልሰው ጉልበት ትንሽ ነው። ከዚያ ወዲያ ጦርነት በገባን ቁጥር አንዱ ሲዋጋ ሦስቱ ቆመው ዳቦ ይበላሉ።

ሐኪሞቹ መጥተው ሥራ ጀምረዋል። እናቴ ለአያ ደምሴ ተራ አስይዛ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ «ጾም ይዣለሁ፣ ጾሙ ይውጣና» አሉ። ሌላ ተራ ያዘች። ጭቃው አይጣል ነው አሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ ጸበል ልጠመቅ አሉ። እናቴ ሆስፒታል ስንቱን በሽተኛ አሳምና የምትመጣ ሴት፣ ከአጎቷ ጋር ስትሆን ድምጿ እንደ ልጅ ይቀጥን ነበር። «አያ፣ ሐኪሞቹ ጾሙ ሳይፈታ ይሄዳሉ። ከሄዱ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም።»

«እሺ» አሉ አንድ ቀን። «እነዚህ ሰዎች ይግቡና እኔም እገባለሁ።»

እናቴ ወደ እኛ ዞረች። «ይሄን ነገር ዛሬውኑ ጨርሱት!» አለች። ልጆቿን ጌም ጨርሱ ብላ የተቆጣች እናት ከሷ በፊት የነበረች አይመስለኝም። ሄኖክ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ «አንዲት ቀለበት ቀረችን» አላት።

እኔ ኮርቼ ነበር። አያ ደምሴ ሆስፒታል የማይሄዱት የእኛን ሰዎች በር ላይ ጥለው መሄድ አልሆንላቸው ብሎ ነው ብዬ አምን ነበር። ትልቅ ሰው ሌላ ምን ምክንያት ይኖረዋል?

አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት ሄደ። ሄኖክ ተሳድቦ ወደ ጎረቤት ወጣ፤ እኔና አያ ደምሴ ቀረን። ዝናቡም አቁሟል፤ ቤቱ ጭር አለ።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ። «ወንድምሽ ምነው የማይገባ?»

«ዕቃ አልተሟላም።»

«እውነቱን አልኩሽ።»

«ፈርቶ ነው መሰለኝ» አልኳቸው። «ከገቡ በሩ ይዘጋል። ቢሸነፉ መመለሻ የለም።»

እጃቸውን ዘርግተው እኔ ወዳለሁበት ጠቆሙ። «አሁን ጥላሽ ይታየኛል። ስትመጪም ስትሄጂም አውቃለሁ። ፀሐይ ስትወጣ በየት በኩል እንደሆነች አውቃለሁ። ከኛ አገር አንድ ሰው ዓይኑን ሊያስነካ ሄዶ ይቺኑም አጥቶ ተመለሰ። እኔም እሷን ቢወስዱብኝስ ብዬ ነው የፈራሁ።»

ትልቅ ሰው እንደሚፈራ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ጥላዬ በደንብ እንዲታያቸው ወደ መስኮቱ ሄጄ ቆምኩ። ማታ ለሄኖክ ነገርኩት።

በማግስቱ ምሳ ላይ እናቴ ቆማ ነበር የምትናገረው። የሐኪሞቹ የመጨረሻ ቀን ነገ ነው፤ ከዚህ በላይ ልትለምን አትችልም፤ በቃ ደክሟታል። አያ ደምሴ ጣታቸውን በገበታው ጠርዝ ላይ እያንሸራሸሩ «እነዚያ ሰዎች እኮ ገና…» ብለው ጀመሩ።

«አያ» አለ ሄኖክ። ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። «ሽማግሌ ከፊት ይሂድ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

እናቴ «አንተ ባለጌ!» ብላ እጇን አነሣች።

«ተይው፣ ውቢት» አሏት። የሄኖክ ጆሮ እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል፤ ሊያለቅስ ነበር። አያ ደምሴ ጣታቸውን ከገበታው ጠርዝ አነሡ። «እኔ ነኝ ያልኩ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ሹሮው ጨው እንዳነሰው ተናግረው መብላት ቀጠሉ።

ጠዋት ስነሣ ወንበሩ ላይ ጋቢው የለም። ለብሰውት በር ላይ ቆመዋል፤ ጫማቸውን እናቴ እያጠለቀችላቸው ነው። «እስክመጣ እንዳትገቡ» አሉን። ከእናቴ ቀድመው ወጡ፤ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ፣ እሷ ከኋላ እየተከተለቻቸው።

ያን ቀን ከሰዓት ቀለበቷ ከረግረጉ አውሬ ወደቀች። ሄኖክ አልጮኸም። ለሽማግሌው አጠለቀለትና ማጫወቻውን አጠፋው። የምንነግረው ሰው ስላልነበረ ደስታው አልጣመንም። ቀኑን ሙሉ ውጭ የሚያልፈውን ባጃጅ ድምፅ ሁሉ ስናዳምጥ ዋልን።

አንድ ዓይናቸውን ብቻ ነው የሠሩላቸው፤ ሌላው ወደ ፊት ይታያል ተባለ። ፋሻው በማግስቱ እዚያው ሆስፒታል ተፈትቶ፣ ፊታቸውን ግማሽ የሚሸፍን ጥቁር መነጽር አድርገው ገቡ። በር ላይ ቆመው አንድ በአንድ አዩን። እናቴን «አርጅተሻል፣ ውቢት» አሏት፤ እሷ እየሳቀች አለቀሰች። እኔን አገጬን ይዘው «ጥርስሽ ወልቆ ነው እንዴ ስታወሪ የምታፏጪ?» አሉኝ። ጣሪያውን አዩ፣ ቆርቆሮው የሚያፈስበትን ቦታ ለእናቴ አሳዩዋት። በደስታ ልንፈነዳ ነበር። ሄኖክ ቴሌቪዥኑን አብርቷል፣ ሰዎቹን ከግንቡ በር ፊት አሰልፏል፤ ዕቃቸው ሁሉ ተሟልቷል።

«አያ፣ ኑ! አሁን ልንገባ ነው።»

ሶፋው ላይ ሳይሆን ቴሌቪዥኑ ፊት በርጩማ ስበው ተቀመጡ። አጎነበሱ። ብዙ ጊዜ አዩ።

«ባለ ጎራዴው የትኛው ነው?»

«ይሄ» አለ ሄኖክ፣ በጣቱ መስታወቱን ነክቶ።

«ይሄ? ባለ ቀስቷስ?»

«ይቺ። ያ ደግሞ ቀልጣፋው።»

«ልጆች ናቸው እኮ!» አሉ አያ ደምሴ።

ሄኖክና እኔ ተያየን። ዕድሜያቸውን የጠየቀን ስላልነበረ አልተናገርንም፤ እኛም አላሰብንበትም። «ልጆች አይደሉም አያ» አልኳቸው። «ባለ ጎራዴው አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ትልቅ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። መነጽሩ ውስጥ ዓይናቸው አይታየኝም። «ጥላሁንም ትልቅ ነኝ ብሎኝ ነው የሄደ» አሉ።

ጥላሁን የሚባል ልጅ እንደነበራቸው አላውቅም ነበር። ከጓዳ የእናቴ የሳህን ድምፅ ቆመ። በዚያን ጊዜ ስለ ጦርነት የማውቀው ዲስኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ቢሆንም ጥላሁን የሚባለው ልጅ ከሄደበት እንዳልተመለሰ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

«መልሷቸው» አሉ።

«አያ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለ ሄኖክ ቀስ ብሎ።

«ጨዋታ እንደሆነ አውቃለሁ። ዓይኔ ነው የጠፋው እንጂ ጅል አይዶለሁም። መልሷቸው።»

«ንጉሡንስ ማን ይገጥመዋል?»

«እሱ» አሉና ሽማግሌውን አሳዩን። «ሙሉ ትጥቅ አለው አይዶል?»

ጌሙ ሰዎችን መንደሩ ባለው እንግዳ ማደሪያ ውስጥ ትቶ መሄድ ይፈቅዳል፤ እኛ አንድም ቀን አድርገነው አናውቅም። ሄኖክ እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ክረምቱን በሙሉ የለፋበት ነው፤ ጎራዴውን ለማስሳል ያመጣውን ብረት እኔ አውቃለሁ። እሱ ግን አራቱንም አዙሮ ወደ መንደሩ ወሰዳቸው። ባለ ጎራዴውን አስገባ፣ ከዚያ ባለ ቀስቷን፣ ከዚያ ቀልጣፋውን። አስተኛቸው። ሽማግሌው ብቻውን ወጣ፤ ካባው፣ ጫማው፣ ቀለበቷ፣ ዳቦና ማሩ ከሱ ጋር ነው። ግንቡ በር ሲደርስ ቀዩ ጽሑፍ መጣ። ሄኖክ ወደ አያ ደምሴ አየ፤ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ንጉሡን ያን ጊዜ አየነው። ቴሌቪዥኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ሽማግሌው እሳቱን አንዴ አወረደ፤ ሸጋ እሳት ነበር፤ ንጉሡ አልተነቃነቀም። ከዚያ ክንዱን ዘረጋና ሽማግሌውን መታው። ካባው አልረዳም፣ ቀለበቷም አልረዳችም። ወደቀ። መስታወቱ ጠቆረ፤ የሦስታችን ፊት ብቻ ታየበት።

አያ ደምሴ ከበርጩማው አልተነሡም።

«ልጆቹስ?» አሉ።

«ማደሪያው ናቸው» አላቸው ሄኖክ። «ተኝተዋል።»

«ሸጋ» አሉ፣ መዳፋቸውን ሄኖክ ራስ ላይ አድርገው።